የፍጻሜው ቀን ቆጣሪዎችና የሕዝባችን መከራ

ዴንቨር፣ ኮሎራዶ

«ስምንተኛው ሺህ ደረሰ» የሚለው አባባል በአገራችን ሲነገር የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው። ልጅ አባቱን ሲደፍር፣ ዳኛ ጉቦ ሲበላ፣ ዝናም ወቅቱን ሲስት ሽማግሌዎቻችን ራሳቸውን እየነቀነቁ «ምን ይደረግ! ስምንተኛው ሺህ ነው» ይሉ ነበር። ዛሬ ይህ ቃል ከሽማግሌዎች ትካዜ ወጥቶ የመድረክ ትምህርት፣ የቴሌቪዥን ስብከትና የዩቲዩብ ገበያ ሆኗል። ከአዲስ አበባ አዳራሾች አንሥቶ እኛ እስከምንኖርባቸው እስከ ዴንቨርና አውሮራ ድረስ የወገኖቻችን ጨዋታ በአንድ ጥያቄ ላይ ሲሽከረከር እንሰማለን፤ ቀኑ መቼ ነው? በመካከለኛው ምሥራቅ አንድ ሮኬት በተተኮሰ ቁጥር «እስራኤልን ተመልከቱ፤ ሰዓቱ እርሷ ናት» የሚል ሰባኪ አይጠፋም።

ይህን የምንጽፈው የማንንም እምነት ለመንቀፍ አይደለም። የክርስቶስን ዳግም ምጽአት መጠበቅ የክርስትና ሁሉ የጋራ ሃይማኖት ነው። እኛን ያሳሰበን ሌላ ጉዳይ ነው። የፍጻሜው ቀን ቆጠራ ሕዝባችን የሚደርስበትን መከራ ምክንያትና ባለቤት እንዳይጠይቅ የሚያደርግ ማደንዘዣ እየሆነ መጥቷል። ሕፃን በረሃብ ሲሞት «ምልክቱ ነው» ከተባለ፣ ከተማ በከባድ መሣሪያ ሲደበደብ «ተጽፏል» ከተባለ፣ ለመሆኑ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው? ነቢዩ ሕዝቅኤል?

ስምንተኛው ሺህ የገባው መቼ ነው?

እስቲ ከሒሳቡ እንጀምር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5,500 ዓመት ይቆጠራል። በዚህ ስሌት ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ሲሆን ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓ.ም. ነው። በታላቅ ድግስ ያከበርነው 2000 ዓ.ም. ደግሞ 7,500 ዓመተ ዓለም ነበር። እንግዲህ «ደረሰ» እየተባለ የሚፈራው ስምንተኛው ሺህ ከገባ አምስት መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ የነበሩ አባቶች ፍጻሜው ደረሰ ለማለት ከእኛ የበለጠ ምክንያት ነበራቸው። ስምንተኛው ሺህ በገባ በሃያ ዓመቱ፣ በ1521 ዓ.ም.፣ የአፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አሕመድ ተሸነፈ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ንጉሡ ከአምባ አምባ ሲሰደዱ ሞቱ። ዓለም ግን አላለፈችም። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣውን «ክፉ ቀን» ያየ ትውልድም የመጨረሻው ትውልድ እኔ ነኝ ቢል የሚፈረድበት አልነበረም። ዛሬ ግን የዚያ እልቂት ምንጭ ይታወቃል። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ባስገቧቸው ከብቶች የተዛመተው የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። መከራው ምክንያት ነበረው። ምክንያት ያለው መከራ ደግሞ የሚከላከለው መንገድ ይኖረዋል።

ክርክሩ በአጭሩ

ብዙዎቻችን በየመድረኩ የምንሰማውን ትምህርት ከሐዋርያት ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ይመስለናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በድንገት ወደ ሰማይ ትነጠቃለች፤ ከዚያ ሰባት የመከራ ዓመታት ይከተላሉ፤ እስራኤል በምድሯ ተሰብስባ የፍጻሜው ድራማ ማዕከል ትሆናለች የሚለው አስተምህሮ በዚህ መልኩ የተቀነባበረው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተለይም ጆን ኔልሰን ዳርቢ በተባለው ሰባኪ ነው። በአሜሪካ እንደ ሰደድ እሳት የተስፋፋው ስኮፊልድ የተባለ ሰው በ1909 እ.ኤ.አ. ከማብራሪያው ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ቅዱስ አማካይነት ነበር። ከዚያም በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው የሃል ሊንድሴ መጽሐፍ በሚሊዮን ቅጂዎች ተቸብችቦ ትምህርቱን ከነገረ መለኮት ክፍል አውጥቶ በየመንገዱ የሚሸጥ አደረገው።

ከዚህ ጋር የማይስማሙ ክርስቲያኖች ጥቂቶች አይደሉም። የኦርቶዶክስና የካቶሊክ አብያተ ክርስቲያናት፣ የሉተራንና የካልቪን ተከታዮችም በአብዛኛው የሺህ ዓመቱን መንግሥት በምሳሌያዊ ትርጉም ይወስዱታል፤ ለእስራኤል የተሰጠው ተስፋም በክርስቶስና በቤተ ክርስቲያን ተፈጽሟል ይላሉ። በወንጌላውያን መካከልም ቢሆን አንድ ድምፅ የለም። ሩቅ ሳንሄድ፣ በዚሁ በዴንቨር አካባቢ በሊትልተን የሚገኘው የዴንቨር ሴሚናሪ መምህራን ክሬግ ብሎምበርግና ሰንግ ዉክ ቹንግ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ክርስቶስ የሺህ ዓመቱን መንግሥት ሊያቆም ይመጣል የሚለውን ተቀብለው፣ አማኞች ከመከራው በፊት ይነጠቃሉ የሚለውን ግን ተቃውመዋል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። አንደኛው ትምህርት አማኙን ከመከራው ያስመልጠዋል፤ ሌላው በመከራው ውስጥ ታምኖ እንዲቆም ያዘጋጀዋል። መከራ እንግዳው ላልሆነ ሕዝብ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ከዳውንታውን ዴንቨር እስከ ኢየሩሳሌም

ቀን ቆጠራ ወዴት እንደሚያደርስ ለማየት ከዚህ ከተማ የተሻለ ማስረጃ አናገኝም። ሞንቲ ኪም ሚለር የተባለ ሰው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በዴንቨር አንድ ማኅበር አቋቋመ። የተነሣው አሳሳች እምነቶችን ለመዋጋት ነበር። ቀስ በቀስ ግን በራእየ ዮሐንስ ከተጠቀሱት ሁለት ምስክሮች አንዱ እኔ ነኝ ማለት ጀመረ። ዴንቨር ኦክቶበር 10 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. በመሬት መናወጥ እንደምትጠፋ፣ እርሱም በ1999 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኢየሩሳሌም አደባባይ ተገድሎ በሦስተኛው ቀን እንደሚነሣ ተናገረ። ከሰባ የማያንሱ ተከታዮቹ ሥራቸውንና ዘመዶቻቸውን ትተው ከከተማው ተሰወሩ።

የተባለው ቀን መጣ፤ ዴንቨር ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። በጥር 1999 እ.ኤ.አ. የእስራኤል ፖሊስ ሕፃናት የሚገኙባቸውን 14 የማኅበሩን አባላት በኢየሩሳሌም ዳርቻ ይዞ፣ የክርስቶስን መምጣት ለማፋጠን ብጥብጥ ሊያስነሡ ነበር በሚል ወደ ዴንቨር መለሳቸው። የዚያው ዓመት መጨረሻም አለፈ፤ የተገደለ የለም፤ የተነሣም የለም። የቀረው የተበተነ ቤተሰብ ብቻ ነው።

ይህ የአንድ ዕብድ ታሪክ ነው ብሎ ለማለፍ አይቻልም። በዊልያም ሚለር ስሌት ኦክቶበር 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ሌሊቱን ሙሉ ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ያደሩት የተከበሩ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። እስራኤል በ1948 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተች በኋላ አንድ ትውልድ አርባ ዓመት ነው ብለው 1988ን የቆረጡ ነበሩ። እዚሁ ኮሎራዶ ውስጥ በቦልደር ከተማ የተወለደው ሃሮልድ ካምፒንግ በሬዲዮ ጣቢያው ሜይ 21 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.ን አወጀ፤ ቀኑ ሲያልፍ ወደ ኦክቶበር አዛወረው፤ ኦክቶበርም አለፈ። በሴፕቴምበር 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአንድ ደቡብ አፍሪካዊ ሰው ሕልም በማኅበራዊ መገናኛ ተሠራጭቶ ንብረታቸውን እስከ መሸጥ የደረሱ ሰዎች ታዩ። ነቢዮቹ ይለዋወጣሉ፤ የስሌቱ ዓይነት ይለዋወጣል፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ የዋሁ አማኝ ነው።

የራሳችን ታሪክ ምን ይለናል?

ፈረንጅ ሲሳሳት መሳቅ ቀላል ነው። እኛም ከዚሁ ጽዋ ቀምሰናል። በፍካሬ ኢየሱስ የተጠቀሰው፣ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ ነግሦ ዓለምን በጽድቅና በሰላም ይገዛል የሚለው ትንቢት ለዘመናት ሲጠበቅ ኖሯል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ስማቸውን ቴዎድሮስ ያሉት ይህንኑ ተስፋ ይዘው ነው። ኢየሩሳሌምን ነፃ የማውጣት ምኞትም ነበራቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ለኢትዮጵያ አንድነት የከፈሉትን ዋጋ የምንክድ አይደለንም። ሆኖም ትንቢቱ ስም ሰጣቸው እንጂ አስተዳደር አልሰጣቸውም። የተጠበቀው የሰላም ዘመን በዓመፅና በቅጣት ታመሰ፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ተደመደመ።

በዚያው ዘመን፣ በ1862 እ.ኤ.አ.፣ አባ ማሐሪ የተባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ «ጊዜው ደርሷል» ብለው ተከታዮቻቸውን አስነሥተው ከጎንደር ምድር ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ ጀመሩ። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ያምኑ ነበር። ባሕሩን ግን አላዩትም። ትግራይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ጨረሳቸው፤ ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። ይህ የሆነው በአጋጣሚ አልነበረም። አይሁድን ወደ ክርስትና ለማምጣት በለንደን የተቋቋመው ማኅበር የላከው ሄንሪ ስተርን በ1860 እ.ኤ.አ. ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች ደርሶ ነበር። የአውሮፓ የፍጻሜ ዘመን ጉጉት በጎንደር ገበሬ ቤት ገብቶ ሰላሙን ያናጋው ያኔ ነው። እንግሊዛዊው ወይም ጀርመናዊው ሰባኪ ስለ እስራኤል መሰብሰብ በመጽሐፉ ላይ ሲመራመር፣ በእግሩ ተጉዞ የሞተው ግን የእኛ ሰው ነበር።

ኢትዮጵያ ከየትኛው ወገን ናት?

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በሕዝቅኤል ምዕራፍ 38 በጎግ ሠራዊት ውስጥ ተሰልፈው በእስራኤል ላይ ከሚዘምቱት መካከል «ኢትዮጵያ»ን ይጠራል። በዕብራይስጡ ያለው ቃል «ኩሽ» ነው፤ ከግብፅ በስተ ደቡብ በናይል ሸለቆ የነበረውን አገር ያመለክታል። ኢትዮጵያ የሚለው የመጣው ከግሪኩ ትርጉም ነው። ሃል ሊንድሴና መሰሎቹ ጎግን ሶቭየት ኅብረት ነው አሉ። ኢትዮጵያ የሞስኮ ወዳጅ በሆነችበት በደርግ ዘመን ስሌቱ የገጠመ መሰለ። ሶቭየት ኅብረት በ1991 እ.ኤ.አ. ስትፈርስ ካርታው እንደገና መሳል ነበረበት።

እንግዲህ እነዚያኑ መጻሕፍት እየተረጎሙ የሚያስተምሩ የእኛ ሰባክያን አንድ ጥያቄ ይመልሱልን። እጆቿን ወደ እግዚአብሔር የምትዘረጋው የመዝሙረ ዳዊት ኢትዮጵያ የዛሬዋ አገራችን ከሆነች፣ የሕዝቅኤሏ ኢትዮጵያ ለምን ሌላ ትሆናለች? ደስ የሚያሰኘውን ለራስ ወስዶ የሚያስደነግጠውን ለሱዳን መስጠት ትርጓሜ አይባልም። ጥንታዊውን ቃል በዛሬ የመንግሥታት ካርታ ላይ መለጠፍ አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የተባረክህ ነህ ያለህ ስሌት ነገ የጎግ ወታደር ነህ ይልሃል።

የትንቢቷ እስራኤልና የምድሯ እስራኤል

የምድሯ እስራኤል እንደ ማንኛውም መንግሥት ጥቅሟን የምታሰላ አገር ናት። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያንን ከአዲስ አበባ ያጓጓዘው ዘመቻ በብዙ መድረኮች የትንቢት ፍጻሜ ተብሎ ይሰበካል። ለዚያ ጉዞ ፈቃድ 35 ሚሊዮን ዶላር ለመንግሥት እንደተከፈለ ግን ሰባኪው አይነግረንም። በመውደቅ ላይ የነበረ አገዛዝ በዜጎቹ ላይ የተደራደረበት ሰነድ ነው፤ መጠናት ያለበትም እንደዚያ ነው። ከዚያ በፊት በሱዳን በረሃ አቋርጠው ለመሄድ ሲሞክሩ ያለቁት ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችንም በስብከቱ ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ከደረሱ በኋላስ? በ1996 እ.ኤ.አ. የለገሱት ደም በምስጢር ሲጣል እንደኖረ ተጋለጠ። በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ምስል፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በፖሊስ ጥይት መገደሉ በሺዎች የሚቆጠሩትን አደባባይ አወጣ። እነዚህ ወጣቶች የጠየቁት የትንቢት ማረጋገጫ መሆንን አልነበረም፤ እንደ ዜጋ መቆጠርን ነው። የዴር ሱልጣን ገዳማችንም ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በ1970 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት የገዳሙ የጸሎት ቤቶች ቁልፍ በኢትዮጵያውያን እጅ ሲገባ፣ ውሳኔው የዲፕሎማሲ ሚዛን ነበር። ኢትዮጵያ ወዳጅ፣ ግብፅ ጠላት የነበረችበት ዘመን ነውና።

ይህን ስንል የአይሁድን ሕዝብ ለመንቀፍ፣ ወይም ከፍልስጤማውያንና ከእስራኤላውያን በአንዱ ሞት ለመደሰት አይደለም። ከኦክቶበር 7 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በኋላ በዚያ ምድር የፈሰሰው የሁለቱም ወገን ደም የሰው ደም ነው። የሰውን ልጅ ሞት እንደ ሰዓት ምት መቁጠር ግን ልብን ያደነድናል። በጋዛ ወይም በእስራኤል ስለሞተ ሕፃን «ጊዜው ቀርቧል» ብሎ እልል የሚል አንደበት፣ በገዛ አገሩ ለሚሞተው ሕፃን እንዴት ያለቅሳል?

ትንቢት የገዢ ጋሻ ሲሆን

ዋናው ጉዳያችን ይህ ነው። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ሥልጣን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ፣ ገና በልጅነታቸው እናታቸው ቤተ መንግሥት እንደሚገቡ እንደነገሯቸው ራሳቸው በአደባባይ ተናግረዋል። በዚያ ወቅት «ከእግዚአብሔር የተላከ» ያላላቸው መድረክ ጥቂት ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተከፈተ፤ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሕይወት እንደ ቅጠል ረገፈ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የአማራ ክልል በጦርነት ነደደ። ትናንት ሹመቱን ትንቢት ያሉት ሰዎች ጦርነቱ ሲመጣ ምን አሉ? «የመጨረሻው ዘመን ምልክት ነው»። ሹመቱም ትንቢት፣ እልቂቱም ትንቢት! ታዲያ ሰው የሠራው ነገር የቱ ነው?

በጋዜጣ ሥራ ላይ በነበርንባቸው ዓመታት የተማርነው አንድ ነገር ቢኖር፣ ገዢዎች የሚፈሩት ጥያቄ «ማን አዘዘ?» የሚለው መሆኑን ነው። «መቼ ያልፋል?» የሚለውን አይፈሩትም። በ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ የደበቀው ቢሮክራሲ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ሕዝብ በረሃብ ሲረግፍ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በድግስ ያከበረው ደርግ ነበር። ሁለቱም ስም፣ ማኅተምና ፊርማ ነበራቸው። ረሃብን በማቴዎስ 24 ብቻ የሚያነብ ሕዝብ ፊርማውን አያነብም።

መጽሐፉ ራሱ ከቀን ቆጣሪዎች ጋር አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ ለእስራኤል መንግሥትን የምትመልሰው በዚህ ወራት ነውን ብለው ሲጠይቁ፣ ጊዜውን ማወቅ ለእናንተ አልተሰጠም ተብለው ወደ ሥራቸው እንደተላኩ በሐዋርያት ሥራ መጀመሪያ ተጽፏል። የጌታ ቀን ደርሷል እያሉ ሥራ የፈቱትን የተሰሎንቄ ሰዎች ጳውሎስ ሠርተው እንዲበሉ አዟቸዋል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ በዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት ሰንበት፣ ዳግም ምጽአትን ታስባለች። ቀን ቆርጣ አታውቅም። ለተራበ ስለ ማብላት፣ የታሠረን ስለ መጠየቅ የሚያስጠይቅ ፍርድ እንዳለ ግን ታስተምራለች።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

በአውሮራም ሆነ በአዲስ አበባ የምትገኙ ውድ አንባብያን! ቀን ቆርጦ የሚመጣ ሰባኪ ሲገጥማችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁት። ያለፈው ቀን ሲያልፍ ምን ተናገርህ? ከዚህ ትምህርት የሚሰበሰበው ገንዘብ የት ይገባል? በአገር ቤት ስለታሰሩትና ስለተገደሉት ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ጸለይህ፤ የገዳዩንስ ስም ስንት ጊዜ ጠራህ? መልስ ካለው አድምጡት። ከሌለው ጊዜያችሁንና ገንዘባችሁን ለሚያስፈልገው ስጡት፤ ለእስረኛ ቤተሰብ፣ ለተፈናቃይ ስንቅ፣ የግፍን ማስረጃ ለሚሰበስቡ ሰዎች።

አርአያ ከፈለግን ከወገኖቻችን እናገኛለን። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ሲወድቁ፣ ዘመኑ ስምንተኛው ሺህ ነው ብለው ዝም ማለት ይችሉ ነበር። የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ቀርቦላቸው እምቢ ብለው፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ታፍነው ተገደሉ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ወንጌላዊ፤ የሞቱባቸው ዕለታት በአንድ ቀን ብቻ ይለያያሉ። ሁለቱም ዳግም ምጽአትን ያምኑ ነበር። ሁለቱም ግን ያ ቀን ሲመጣ ከመንጋቸው መካከል ሊገኙ ፈለጉ።

ፍጻሜው በአምላክ እጅ ነው። ግፉ ግን በሰው እጅ የተሠራ ነውና ሰው ሊጠየቅበት፣ ሰውም ሊያስቆመው ይገባል።

እግዚአብሔር ኢትዮጵያንና ሕዝቧን ይጠብቅ!